በአንድ አካውንት ሁለት ስልክ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ እዚህ ሊኖሩ ይችላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ሲያስል እንኳ መዘምራኑ ድምፅ የሚቀንሱለት ዓይነት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኩ እምቢ አለው። ፕሌይ ስቶርን ሲከፍት የይለፍ ቃል ጠየቀው። ስንቶቻችሁ ናችሁ የስልካችሁን የይለፍ ቃል የምታውቁት? እጅ አታውጡ፤ አውቃለሁ። ስልክ ስንገዛ አካውንቱን የሚከፍትልን ሻጩ ነው። የይለፍ ቃሉም እሱ ደብተር ላይ ይቀራል። እኛ የሽፋኑን ቀለም መርጠን እንሄዳለን።

ሰውየውም ስልኩን ወደ ሸጠለት ልጅ፣ ወደ ከድር ሱቅ ሄደ።

«ከድር ልጄ፣ ይሄን ያንተን አካውንት አውጣልኝና የራሴን አስገባልኝ።»

«ይቀየራል ጋሼ፣ ችግር የለም። መጀመሪያ ግን ምን ምን እንዳወረዱ እንይ፤ እንዳይጠፋብዎት።»

«ተወው!» አለ ሰውየው። «ምንም የለኝም። መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር ነው።»

ወገኖቼ፣ ሰው «ምንም የለኝም» ብሎ ሲጮህ ምን ማለት ነው?

ከድር ግን ነካ ነካ አድርጎ ዝርዝሩን ከፍቶታል። መጽሐፍ ቅዱስ አለ። መዝሙር አለ። ከመዝሙሩ ሥር ደግሞ የኮከብ ቆጠራ አፕ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውየው አባት በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ታላቅ ወንድሙም በሃምሳ ስምንት። እሱ ሃምሳ ሰባት ሞልቶታል። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ከጸሎት በፊት፣ «ለመረጃ ያህል» ኮከቡን ያያል። መንገድ ይቀናሃል ይለዋል፤ ይወጣል። ዛሬ ከቤትህ አትራቅ ይለዋል፤ ወዲያው ጉንፋን ይይዘዋል።

ከድር አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለው ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው እንዴ? እትዬ አበራሽ ዓምና መጥተው ‹ይሄ ነገር እኔ ሳላወርደው ከየት መጣ?› ብለው ጠይቀውኝ ነበር።»

«የቷ አበራሽ?»

«ልብስ ሰፊዋ ናቸዋ! እርስዎ በገዙበት ቀን እሳቸውም ገዝተው ነበር። ያን ቀን የማረጋገጫ ቁጥሩ አልመጣ ብሎ አስቸገረኝና ለሁለታችሁም አንድ አካውንት አደረግሁ። አንዳችሁ ያወረዳችሁት በሌላኛው ዝርዝር ላይ ይታያል።»

«እና ምን አልካት?»

«እውነቱን ነዋ። ‹ከእርስዎ ካልሆነ ያን ቀን አብረውዎት ከገዙት ጋሼ ነው› አልኳቸው።»

አበራሽ ማን ናት? ልጇ ታሞባት ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተት ከርማ፣ ተስፋ ስትቆርጥ ጠንቋይ ቤት የሄደች ሴት ናት። አንድ ጊዜ። ይሄው ሰው ነው ጉባኤ ፊት አቁሞ «ነገዋን ከጠንቋይ የጠየቀች!» ብሎ ከመዘምራን ያገዳት።

«መቼ ነው የጠየቀችህ?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«ያ የቤተ ክርስቲያናችሁ ጉዳይ ሊታይባቸው ነው ሲባል፤ የዚያኑ ሳምንት።»

«አጥፋው!»

«ከዝርዝሩ አጠፋዋለሁ ጋሼ። ከእትዬ አበራሽ ዓይን ላይ ግን እንዴት አድርጌ ላጥፋው?»

አካውንቱ ተቀየረ። አዲስ ስም፣ አዲስ የይለፍ ቃል፣ ባዶ ዝርዝር። ሰውየው ግን እህል አልወርድ አለው። ስልክ ሲጠራ ይበረግጋል። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየ መንገድ ይቀይራል። ቅዳሜ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ፤ የአበራሽ እገዳ ይታያል። እዚያ ብትናገርስ?

ሐሙስ ዕለት አልቻለም፤ መስፊያ ቤቷ ሄደ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። እግሯን ከማሽኑ አላነሣችም።

«አበራሽ፣ ያየሽው ነገር አለ አሉ።»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«ጉባኤ ፊት ሲያቆሙኝ ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ልከፍተው ዳድቶኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን እኔ እዚያ ቤት የሄድኩት ፈርቼ ነው። ‹እሳቸውም ፈርተው ይሆናል› አልኩ በልቤ።»

ከዚያ ዓይኗን ወደ ስፌቷ መለሰች።

ቅዳሜ ሰውየው በስብሰባው መካከል ተነሣና «ለእህታችን ይብቃት፤ ትመለስ» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። «እንዴት ያለ ርኅሩኅ አባት ነው!» ተባለ። ምሕረቱ የእሷ፣ ምስጋናው የእሱ።

አሁን እሑድ እሑድ አበራሽ ትዘምራለች። ሰውየው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መዝሙሩን አይሰማም። ዓይኑ ቦርሳዋ ላይ ነው። እጇን ወደ ቦርሳዋ በሰደደች ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። መሐረብ ታወጣለች። መሐረብ ነው የምታወጣው፣ ወገኖቼ! ሁልጊዜ መሐረብ ነው።

እናንተስ? አሁን ኪሳችሁን የዳበሳችሁ አይቻችኋለሁ፤ ተዉት። ጉዳዩ ስልኩ አይደለም። ሰፈር ቀይራችሁ ይሆናል። ጓደኛ ቀይራችሁ ይሆናል። «ያ ድሮ ነው» ትሉ ይሆናል። የአካውንቱ ስም ተቀየረ፤ ሰውየውስ ተቀየረ? በማን ላይ ፈርዳችሁ ነው ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት? ያ የፈረዳችሁበት ሰው ስለ እናንተ ምን ያውቃል? እያወቀስ ለምን ሳያጋልጣችሁ ተዋችሁ?

ሰውየው ሞትን ፈርቶ ኮከብ ጠየቀ። መታወቅን ፈርቶ አካውንት ቀየረ። ዛሬ በእግዚአብሔር ቤት ተቀምጦ የሚፈራው የአንዲት ልብስ ሰፊ ቦርሳ ነው። ይሄንን ነው ማምለጥ የምትሉት?

መስከረም ላይ ሃምሳ ስምንት ይሞላዋል። ጊዜ አለው? እኔ አላውቅም፤ ኮከቡም አያውቅም። እናንተስ አላችሁ?

ቦርሳው እስካሁን እንደተዘጋ ነው። እሱ ሳይከፈት እናንተ አፋችሁን ክፈቱ።