የተላጠው ሽቦ

«አንድ ኦፕሬተር ነበረ» አሉ ሐጂ ሙሄ። ሰዓዳ ጥያቄዋን ጨርሳ ገና ትንፋሿን አልሰበሰበችም ነበር።

የጠየቀቻቸው ስለ ልጇ ነው። ነጃት በአምስት ዓመቷ ትኩሳት ሲይዛት ሰዓዳ «ብርድ ነው፣ ይለቃታል» ብላ ሁለት ቀን ቤት አቆየቻት። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ራሷን አታውቅም ነበር። ዳነች፤ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። እናትየው ግን አልዳነችም። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር፣ ሮጣ ፊቷ በቀላ ቁጥር ከትምህርት ቤት ታስቀራታለች። በዚህ ወር ብቻ ዘጠኝ ቀን ቀርታለች። ባሏ «ይህን ፍርሃትሽን አውጥተሽ ጣይው» አላት። እሷም ወደ ሽማግሌው መጥታ «ሐጂ፣ ፍርሃቴን ልስማው ወይስ ልጣለው?» አለቻቸው።

ሐጂ ሙሄ ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንገድ ሥራ ጋራዥ ነው። ሰው ምክር ሲጠይቃቸው አእምሯቸው የሚሄደው ወደ ማሽን ነው። እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ኤክስካቫተር፣ ያን ክንደ ረጅም ቆፋሪ ማሽን የሚነዳ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረ። የዚህን ማሽን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው በቧንቧ ውስጥ በኃይል የሚገፋ ዘይት ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከጋለ አደጋ አለው። ስለዚህ ታንኩ ላይ ሙቀት የምትለካ ትንሽ ሴንሰር አለች። የለካችውን በሽቦ ትልካለች፤ ቁጥሩ ኦፕሬተሩ ፊት ባለው ስክሪን ይታያል። ሙቀቱ ሲያልፍ ቀይ መብራት ይበራል፤ ማሽኑም ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል።

ይህ ሰው አንድ ጊዜ ቀዩን መብራት አይቶ «ይችን ብቻ ልጨርስ» ብሎ ቀጠለ። ቧንቧ ፈነዳ። የፈላው ዘይት አጠገቡ የቆመውን ባልደረባውን ክንዱን አቃጠለው። ባልደረባው ታክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኦፕሬተሩ ግን ከዚያ ወዲህ ቀይ መብራት ባየ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድ ጀመር።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ወንዝ መንገዱን ስቶ ወደ አንድ መንደር ዞረ። ያገደው ሰዎቹ በአሸዋ ከረጢት የደረደሩት ክትር ብቻ ነበር። የወንዙን የድሮ መውረጃ ጠርገው ውሃውን ካልመለሱት፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ የሚጥለው ዝናብ ሲደርስ ክትሩ አይችለውም። በአካባቢው ያለው ኤክስካቫተር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። መንደርተኛው ከብቱንና አቅመ ደካማውን ወደ ዳገቱ አውጥቶ ቁልቁል ያያል።

ኦፕሬተሩ ማለዳ ማሽኑን አስነሳ። ሦስት ጊዜ እንደዛቀ ቀዩ መብራት ቦግ አለ። ስክሪኑ መቶ አምስት ዲግሪ ይላል። የማሽኑ ክንድ ዛለ፣ መዛቂያው አፈሩ ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

የሥራው ኃላፊ፣ ፎርማኑ፣ ጭቃውን እየረገጠ ሮጦ መጣ። «ምን ሆንክ?»

«ጋለ።»

«ሰፈሩ ሊሄድ ነው እኮ! የሴንሰሯን ሽቦ በጥሳትና ሥራ!»

«አልበጥስም። አንድ ጊዜ ሰው አቃጥያለሁ።»

«እና ይሄ ሁሉ ሕዝብ ቤቱን ውሃ ይውሰደው?»

ኦፕሬተሩ ዳገቱ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ላለማየት አንገቱን ደፋ። መሥራቱንም ፈራ፣ ማቆሙንም ፈራ።

በዚህ መሃል ነዳጅ የጫነች ፒክአፕ ደረሰች፤ ከውስጧ አንዲት መካኒክ ወረደች። የሁለቱንም ጩኸት እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ኦፕሬተሩን «ከተነሳ ስንት ደቂቃው ነው?» አለችው።

«አሥር ደቂቃ አይሞላም።»

«ሌሊቱንስ?»

«ቆሞ ነው ያደረው፣ ዝናብ ሲመታው።»

«ታዲያ በአሥር ደቂቃ መቶ አምስትን ከየት አመጣው?»

ወደ ታንኩ ሄደች። መዳፏን መጀመሪያ ራቅ፣ ቀጥሎ ቀረብ፣ በመጨረሻ ብረቱ ላይ አሳረፈች። «ና፣ አንተም እጅህን አምጣ» አለችው። እሱ ወደ ኋላ አለ። «ና እንጂ፣ እኔ ይዤው የለም?»

እጁን ሰደደ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። የሌሊቱ ዝናብ እንኳ ገና አልደረቀበትም። ሰውየው በሁለት እጁ ታንኩን ያዘና ግንባሩን አስደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ይኸው! አላልኩም?» አለ ፎርማኑ። «በጥሷት በቃ!»

«ቆይ ጋሼ» አለች መካኒኳ። «ዛሬ ያለቦታው ጮኸ ብለን አፉን ከዘጋነው፣ በእውነት የጋለ ቀን ማን ይነግረናል?» ኦፕሬተሩ ቁልፉን ከፍቶ ስክሪኑን እንዲያይላት አዘዘችና የሴንሰሯን ሶኬት ነቀለች። «አሁን ሴንሰሯ የለችም። ቁጥሩ መውረድ አለበት። ስንት ይላል?»

«እዛው ነው። መቶ አምስት!»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሴንሰሯ አይደለም። መልእክቱ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው።»

ሽቦውን በጣቷ እየዳበሰች ተከተለችው። ከአንድ ብረት ሥር ሲያልፍ፣ በንዝረቱ ብዛት ሲፋቅ ኖሮ ተልጦ አገኘችው። መዳቡ ብረቱን ነክቷል፤ ዝናቡ ደግሞ አርሶታል። አደረቀችው፣ በናስትሮ ጠቀለለችው፣ ብረቱን እንዳይነካ ራቅ አድርጋ አሰረችው፣ ሶኬቱን መለሰች።

«ሃያ ስድስት!» ብሎ ጮኸ ኦፕሬተሩ ከላይ። «ሃያ ስድስት ነው የሚለው!» ቁጥሩን እየደጋገመ ይስቅ ነበር።

ሥራው ቀጠለ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን መብራቱ እንደገና በራ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ መዛቂያውን መሬት አስቀምጦ ወረደና ራሱ እጁን ወደ ታንኩ አቀረበ። ሳይነካው ወላፈኑ መታው። አሁን እውነት ነው። ከመካኒኳ ጋር ሞተሩን አጥፍተው ዘይቱን የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ከፈቱ፤ ገለባና ጭቃ ደፍኖታል። ጠረጉት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፣ ኦፕሬተሩም ተመልሶ ወጣ። ፎርማኑም ያን ጊዜ ሽቦ በጥሱ አላለም።

ዝናቡ ከተራራው ሳይወርድ የመጨረሻው አፈር ተነሳ፤ ወንዙ ትንሽ አመነታና ወደ ድሮ መውረጃው ገባ። ዳገቱ ላይ እልልታ ሆነ። ኦፕሬተሩ ወርዶ የማሽኑ ሰንሰለት ላይ ተቀመጠና «የሚበላ ነገር አላችሁ?» አለ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።

ሐጂ ሙሄ ፊታቸውን ወደ ሰዓዳ መለሱ።

«ልጄ፣ ያ ኦፕሬተር አንቺ ነሽ። ባልሽ እንደ ፎርማኑ ሽቦውን በጥሺ ይልሻል፤ አትበጥሺው። ልጅ ናት፣ በእውነት የምትታመምበት ቀን አይጠፋም፤ ያን ቀን ፍርሃትሽ ያስፈልግሻል። ግን መብራቱ በበራ ቁጥር ማሽኑን አታቁሚው። መጀመሪያ እጅሽን ግንባሯ ላይ አድርጊ። ከጋለ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ሁለት ቀን አትጠብቂ። ካልጋለ ቦርሳዋን አሲዘሽ ስደጃት። ፍርሃትሽ ውሸታም ሆኖ አልተፈጠረም። በዚያ ሦስት ቀን ሽቦሽ ተላጠ፣ ከዚያ ወዲህ ነፋሱም እሳት ይመስልሻል። እሱን ደግሞ ብቻሽን አትጠግኚውም። ያከመቻትን ሐኪም ሄደሽ አነጋግሪያት፤ ለባልሽም ያን ጊዜ ምን እንዳየሽ ንገሪው። አንድም ቀን ነግረሽው አታውቂም አይደል?»

ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጣ፤ ግን ከመጣች ጀምሮ ተወጥሮ የነበረው ትከሻዋ ወርዷል።

«አብሽሪ» አሏት። «ልጅቷ የት ናት?»

«ከደጅ፣ ከእርስዎ ልጆች ጋር እየተሯሯጠች ነው።»

«ሂጂና እጅሽን አሳርፊባት እንግዲህ።»

ወጣች። ነጃት በላብ ተጠምቃ፣ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ሰዓዳ ላቧን በነጠላዋ ጠርጋ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ በሩ ላይ ወደቆሙት ሽማግሌ ዞረች።

«ደህና ናት፣ ሐጂ» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ነገ ትማራለች።»