የእግር ድንጋይ ስሙን እንዴት አገኘ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ።

ድሮ፣ ድንጋይ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ እሳት የሚተፋ ተራራ ልጆቹን እየተፋ ስም ያወጣላቸው ነበር። ከባዱን አለት አለው፤ ስለታሙን ባልጩት አለው። የመጨረሻው ልጅ ግን ገላው ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ እንደ ፈንዲሻ ቀለለ። አባትየው ስሙን ሳያወጣለት እሳቱ ጠፋና አንቀላፋ።

ልጁም ነፋስ እየገፋው ስም ፍለጋ ወጣ።

ጉልቻዎች ዘንድ ሄደ። "ከእናንተ ጋር ጉልቻ ልባል" አለ። ድስት ሲጣድበት ተንገዳገደ። "አንተ ወጥ ትደፋለህ፤ ሂድ" አሉት።

ወፍጮ ዘንድ ሄደ። "መጅ ልሁንልህ" አለ። እህሉ ላይ ተፈረፈረ። "ዱቄቱን አሸዋ አደረግኸው፤ ሂድ" አለው።

ካብ ዘንድ ሄደ። "እንግዲያው ከመሃልህ አስገባኝ" አለ። ካቡ ገና ሳያስገባው ነፋስ ድንጋዩን አሽቀንጥሮ ሐይቅ ውስጥ ጣለው።

ሐይቁም አልተቀበለውም። ድንጋይ ሁሉ ሲሰምጥ እሱ ተንሳፈፈ። ዳክዬ አየችውና፣ "ድንጋይ ከሆንክ ስመጥ፤ ወፍ ከሆንክ ብረር" ብላ ሳቀችበት። መስመጡም መብረሩም አልሆነለትም። የሚጠራው አጥቶ እዚያው ከረመ፤ ብቸኝነቱ አንጀት ይበላ ነበር።

አንድ ቀን ድንቄ የምትባል እንጨት ሻጭ ሸክሟን አውርዳ እግሯን ልትታጠብ መጣች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ማዕበሉ ድንጋዩን እጇ ላይ አደረሰው።

"አንተም ሰው የለህም?" አለችው።

"ስም እንኳ የለኝም፣ እናቴ።"

"ና እስቲ፣ ተረከዜን ፈግፍግልኝ።"

ፈገፈገላት፤ ሕመሟም ቀለለ።

"የእግር ድንጋይ ብዬሃለሁ" አለችው። "ዝቅ ያለ ስም ነው፤ አትቀየመኝ።"

"ብቻ ጥሪኝ" አላት።

ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ ትመጣና፣ "የእግር ድንጋይ፣ የት አለህ?" ትላለች። "አለሁ" ይላታል። የዋለችበትን ታጫውተዋለች። ነገር ግን በፈገፈጋት ቁጥር እሱ ያንሳል።

"ተው ይብቃህ፤ እያለቅህ ነው" አለችው።

"ሳልጠራ ከምኖር እየተጠራሁ ባልቅ ይሻለኛል" አላት።

አንድ ምሽት፣ ባቄላ ሲያክል ከጣቷ አምልጦ ውሃው ወሰደው። "የእግር ድንጋይ፣ የት አለህ?" አለች። ደጋግማ ተጣራች። ዳክዬ ሰማች፤ ካቡ ሰማ፤ መንገደኛም ሰማ። ከዚያ ወዲህ እንደ እሱ ያለ ቀላል ድንጋይ በተገኘበት ሁሉ ስሙ ይኸው ሆነ። "አለሁ" የሚላትን ግን ድንቄ ዳግመኛ አልሰማችም።

ስም አባት ያወጣዋል፤ ጠሪ ያኖረዋል።

ተረቴን ሐይቁ ይረከበኝ፤ እናንተም እግራችሁን ታጥባችሁ ተኙ።