የሩቅ ጥሪ ድምፅ

አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ አቶ ደምመላሽ፣ ሠራተኛው ክፍለ ሀገር እንዳይደውል ከራሳቸው ስልክ በቀር በሁሉም ስልክ ላይ የሩቅ ጥሪ የሚጀመርበትን ዜሮ ቁጥር አስቆለፉ። መቆለፊያውን የከፈተ እንደሚባረርም አስጠነቀቁ።

በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ስልክ ይዛ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» እያለች ስትጮኽ ሰሙና የስንብት ደብዳቤ ይዘው ገቡ።

«የት ነው የደወልሽው?»

«እዚሁ ኮልፌ፣ አጎቴ ጋ።»

«ውሸታም!» ብለው ሲጮኹ ሠራተኛው ሁሉ ከየክፍሉ ወጣ። «እዚሁ ከተማ ላለ ሰው ማን ይጮኻል? የሚጮኸው ሩቅ የደወለ ብቻ ነው! መቆለፊያውን ከፍተሻል፤ ተባርረሻል!»

ጸሐፊዋ በመካከላቸው ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ አየት አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ታዲያ ይህን ያህል የሚጮኹብኝ ከየት ደውለው ነው?» አለቻቸው።

አቶ ደምመላሽ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ሥራሽን ቀጥይ» ያሏት ዝግ ባለ፣ በከተማ ውስጥ የስልክ ጥሪ ድምፅ ነበር።