በባሕር ማዶ ምርጫ የተጣሉት አበልጆች

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልናገርም፤ ዘመዱ እዚሁ ጉባኤ መካከል አይጠፋም። ደግ ሰው ነው። ጾሙን የሚጾም፣ ድኻ የማይገፋ። ከባንክ ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ ይወርድና ጋዜጣ ተከራይቶ፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነባል። ታውቁት የለም? አይገዛም፣ ይከራያል፤ አንብቦ ይመልሳል። እኔም ዲያቆን ሳለሁ ተከራይቻለሁ፤ ኃጢአት የለበትም።

ታዲያ አንድ ዓመት በባሕር ማዶ፣ በአንድ ትልቅ አገር፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሆነ። ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። ይህ ሰውዬ ከሁለቱ አንዱን ወደደ። ለምን ወደደው? በቴሌቪዥን ንግግር ሲያደርግ መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ሲጠርግ አየው። «ይሄ ትሑት ሰው ነው» አለ። በቃ! ምእመናን፣ ስንቶቻችን ነን ሰውን እንዲህ ባለች ነገር የምንወድ? ስንቶቻችንስ ነን እንዲህ ባለች ነገር የምንጠላ?

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ምርጫው ሲቃረብ ጋዜጦቹ «እኛ እገሌን ደግፈናል፣ እናንተም እሱን ምረጡ» ብለው በርዕሰ አንቀጻቸው በግልጽ ይጽፋሉ። የእኛዎቹ ጋዜጦች ያንን እየተረጎሙ ያወጣሉ። ሰውዬው ለዚህ ዜና ነፍሱን ይሰጣል። አንዱ ጋዜጣ የእሱን ሰው ደገፈ ሲባል፣ «ጋዜጣ ማለት እንዲህ ነው! የተማረ ሰው የሚጽፈው!» ይላል። ሌላው ያኛውን ደገፈ ሲባል ደግሞ፣ «እሱም ጋዜጣ ሆኖ? የበርበሬ መጠቅለያ!» ይላል። ያን ጋዜጣ በስሙ እንኳ ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶት አያውቅም።

ባለቤቱ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ነገር አዋቂ ናት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያ ሰው ቢያሸንፍ ዘይት ይረክሳል?» ትለዋለች።

«አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም።»

«ፖለቲካው ላንተ ይግባህ፤ ወጡ የሚቀዘቅዘው ግን በእኔ ላይ ነው። ና ብላ!»

እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ከወጡ በቀር።

ግን ጎረቤት አለው። ድልነሳው ይባላል። ጎረቤት ብቻም አይደለም፣ አበልጁ ነው፤ የድልነሳው ሚስት የሰውዬውን ሴት ልጅ፣ ምንትዋብን፣ ክርስትና አንስታለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ማኅበር ጠጥተዋል፣ አብረው ቀብር ወርደዋል፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ጾሞለታል። ድልነሳው ማንን ደገፈ መሰላችሁ? አዎ። ያኛውን!

መጀመሪያ ሲቀላለዱ ነበር። ቀልድ ግን ክፉ ነገር ሊሆን ሲል አያስታውቅም። በዚያ ሰሞን ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አረፉና ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ቤት ሲሰነብት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል፣ የሚያወራው ያወራል። ድልነሳው ጋዜጣ በብብቱ ይዞ ገባ።

«አበልጄ፣ ይቺን አነበብካት? ትልቁ ጋዜጣ የኔን ሰው ደገፈ!»

«እሱ የተገዛ ጋዜጣ ነው።»

«ያንተን ሰው የደገፈውንስ ማን ገዛው?»

«ምን አልክ?»

ቆሙ። ጣት ተቀሳሰሩ። «አንተ ድሮም ፍርድ አታውቅም!» «አንተ ድሮም እልኸኛ ነህ!» ልብ በሉ፣ ምእመናን፤ «ድሮም» የምትለው ቃል ስትመጣ ጠቡ የምርጫ መሆኑ ቀርቷል። ጩኸቱ ከውስጥ የነበረውን ልቅሶ ዋጠው። የሟች ባለቤት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ብቅ አሉና፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች! የሞተው የእኔ ባል ነው እኮ! ምን ደረሰባችሁ?» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሐዘንተኛዋም ሳቁ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ቀረ። አጥራቸው አንድ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይሰማል፤ «ይማርህ» ግን የለም። ማኅበር ላይ አንዱ ከመጣ ሌላው ይቀራል። ለማን ብለው? ስማቸውን ለማያውቅ፣ ሰፈራቸውን ለማያውቅ፣ አገራቸውን በካርታ ላይ ፈልግ ቢባል ለሚቸገር ሰው ብለው!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ።

በዚሁ መካከል አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከሰውዬው ቤት ደረሱ። ገብተው ቆሙ። «ተቀመጡ» ሲባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ምንትዋብን ይትባረክ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ ነው የመጡት። ምንትዋብም ልጁን ወዳዋለች። አባትየው እንደ ወጉ፣ «ዘመድ ላማክር፣ ስለ ልጁም ላስጠይቅ፤ በሁለተኛው እሑድ ተመለሱ» አላቸው። መልካም መልስ ነው።

ሲወጡ አንደኛው ሽማግሌ ዘወር አሉና፣ «ስለ ልጁ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያሻዎትም። አበልጅዎ አቶ ድልነሳው በቅርብ ያውቁታል። በእሳቸው ምስክርነት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያድራል» አሉት።

የሰውዬውን ፊት ባያችሁት! ኮሶ የጠጣ ይመስል ነበር።

አንዱ ሳምንት አለፈ። አልጠየቀም። ወይዘሮ ዘርፌ፣ «ተሻገርና ጠይቀው እንጂ» ትለዋለች። እሱ፣ «ምርጫው ይለፍ» ይላል።

«ሽማግሌ ምርጫ ይጠብቃል እንዴ? የልጅህን ዕድል ልትዘጋ ነው?»

«ያንን ሰው የደገፈ አፍ ስለ እኔ ልጅ አይመሰክርም!»

ሰማችሁ? እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ደነገጥሁ፤ እኛም በየቤታችን የምንለው ነገር ሆኖ አገኘሁት። እገሌ የእነ እገሌ ወገን ነው፤ ስለዚህ እጁ አይታመንም፣ ምክሩ አይሰማም፣ ጸሎቱም አይደርስም። አላልንም?

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ። አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ልጁ የሚመሰክርልኝ ሰው አጣሁ» ሊል ነው። ይህ በሽማግሌ ቋንቋ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ እምቢ ማለት ነው። አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም።

ምንትዋብ ጓዳ ሆና ትሰማለች። በወጉ፣ ሽማግሌ ባለበት ልጅቱ አትወጣም። ወጣች። አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ለማታውቀው ሰው፣ የማታውቃቸውን ጋዜጦች ሁሉ አምነህ ስትከራከር ከረምክ። ለእኔ ብለህ የምታውቀውን አንድ ሰው መጠየቅ አቃተህ? ያ ሰውዬ ቢሸነፍ ሌላ ዕጩ ያቀርባሉ። የእኔ ግን ኑሮዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አባትየው አፍሮ ነበር፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ድንገት ብድግ አለና ኮቱን አነሣ።

«ተቀመጡ፣ መጣሁ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ…»

«እንግዲያው ቁሙ! መጣሁ አልኳችሁ!»

የድልነሳውን በር አንኳኳ። ድልነሳው ጋቢውን እንደ ለበሰ ራሱ ከፈተ። ተያዩ። በመጀመሪያ የተናገረው ድልነሳው ነው። ምን አለ መሰላችሁ? «ለምን መጣህ» አላለም። «ምን ሆናችሁ? ሰው ታመመ እንዴ?» አለ።

«የለም፣ አበልጄ። ምንትዋብን ሽማግሌ ጠይቆብኛል። ስለ ልጁ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

ድልነሳው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ከደጃፌ ሆኜ አይቻቸው ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ስንት ቀን ጠበቅሁህ! ልጄ አይደለችም እንዴ? ቆይ ጫማዬን ላድርግ።»

ተያይዘው ገቡ። ድልነሳው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ መሰከረ። «እናቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ይህ ልጅ አጠገቧ ካለው አልጋ አባቱን ያስታምም ነበር። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ እናቴን እጇን ታጥባ፣ በልታ፣ ተደርቦላት አገኛታለሁ። ማን አጎረሰሽ ስላት ‹ያ ልጅ› ትለኛለች። ከየት ናችሁ፣ የማን ወገን ናችሁ ብሎን አያውቅም። የራሱ አባት ካረፉ በኋላ እንኳ እናቴን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ይህን ልጅ እኔ እደግፋለሁ፤ በርዕሰ አንቀጽ ጻፉት!»

አባትየው፣ «አበልጄ፣ ገና ዛሬ ትክክለኛ ሰው ደገፍክ!» አለው።

ቤቱ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጓዳ እልልታ ቀለጠ፤ ከሁሉ የወይዘሮ ዘርፌ ድምፅ ይጎላ ነበር።

የምርጫው ውጤት የተነገረው የቀለበቱ ዕለት ነው ይባላል። አበልጆቹ ድንኳን ካስማ ሲመቱ ውለው ሬዲዮ የከፈተ አልነበረም።

«ማን አሸነፈ?» አላችሁ አይደል? ከዚህ ሆኜ ፊታችሁን አያለሁ እኮ! እዚያ ጥግ ያለኸው ወንድሜ፣ ስለ ሙሽሮቹ ሳትጠይቅ እሱን ልትጠይቀኝ ነው! አልነግርህም። ብነግርህ ግማሹ ጉባኤ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ያኮርፋል፤ ስብከቴም እዚያው ይቀራል።

ወገኖቼ፣ መደገፍ ኃጢአት ነው አላልኩም። አገር የሚመራን ሰው መርምሮ መምረጥ መልካም ነው፤ ጋዜጣ ማንበብም መልካም ነው። ደግፉ! ተከራከሩ! እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ደጋፊ ስትሆኑ ምን አጣችሁ? ለፓርቲ ብላችሁ ወንድም ያጣችሁ የላችሁም? ለኳስ ቡድን ብላችሁ ጓደኛ ያጣችሁ የላችሁም? ለሰባኪ ብላችሁ የተኳረፋችሁስ? አትሳቁ፣ ስማችሁን አውቃለሁ!

ልጃችሁ ስትዳር ማን ይመሰክርላታል? ስትታመሙ ማን ያጎርሳችኋል? ስታርፉስ? ጋዜጣ ሬሳ አይሸከምም፣ ምእመናን። ሬሳችሁን የሚሸከመው ዛሬ «የዚያ ወገን ነው» ያላችሁት ጎረቤት ነው። ትከሻህን አበድረን ብላችሁ ሳትለምኑት፣ ቂሙን ጥሎ ይመጣል። ታዲያ በሕይወት ሳላችሁ ለምን አይመጣም? ለምንስ እናንተ አትሄዱም?

ዛሬ ጠዋት ስትመጡ ያኮረፋችሁትን ጎረቤት በሰሜኑ በር ቆሞ አይታችሁ፣ ዞራችሁ በምዕራቡ በር የገባችሁ አላችሁ። እሱም አይቷችኋል። አሁንም እዚያው ነው ያለው። ስብከቱ አልቋል፤ ጸሎት አድርገን እንሰነባበታለን። ስትወጡ በሰሜኑ በር ውጡ።