ዘይቷ የሚጨምር መኪና

በአንድ ወቅት፣ ኩታበር ላይ ዘይቷ እየጨመረ የሚሄድ መኪና ነበረች። ሰው የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው። አሮጌ የናፍጣ መኪና ዘይት ትጠጣለች፤ ትጠጣና በጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ ባለቤቷም እየጨመረላት ይኖራል። የዚችኛዋ ዘይት ግን ማንም ሳይነካው ከፍ ከፍ ይል ነበር።

መኪናዋ የይመር ነበረች። ይመር ዕድሜውን ሙሉ እህልና መንገደኛ ሲያመላልስባት የኖረ ሰው ነው። ዘይት የሚቀይረው ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ነበር፤ የታችኛውን ብሎን ፈትቶ፣ ጥቁሩ ዘይት ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጎኗ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። «ዘይት ሲጎድልባት ትለምንሃለች፤ ሲቆሽሽባት ግን ትረግምሃለች» ይል ነበር። ሊሞት ሲል ቁልፉን ከትራሱ ሥር አወጣና ለሚስቱ ለመዲና ሰጣት።

«መኪናዋ አትሸጥም» አላት። «ለሦስትም አትቆረጥም። በሙት ዓመቴ ሰደቃ ላይ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ከልጆቼ ለሚገባው ስጪው።»

ለማን እንደሚገባው ግን አልነገራትም።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ታላቁ አራጋው ሹፌር ነው። አባቱ ከታመመ ጀምሮ መኪናዋን የሚነዳት እሱ ነበር፤ እጁ መሪ ላይ ሲያርፍ መንገደኛው እንቅልፉን ይተኛል። ሁለተኛዋ ጦይባ በናፍጣ ወፍጮ ላይ ትሠራለች። ጆሮዋ ከሞተር ጩኸት፣ አፍንጫዋ ከናፍጣ ሽታ ጋር ያደገ ነው፤ ስትናገር አጭር ነው፣ ስትቀየም ደግሞ ረጅም። ትንሹ ሙሄ አናጢ ነው። መኪናዋን የሚያጥባት፣ ዘይቷንና ውሃዋን የሚያየው እሱ ነበር። አንድን ነገር ሳያስብ የሚያደርግ፣ ካደረገ በኋላም የማይቆጭ ልጅ ነው።

የዘይቱን ነገር መጀመሪያ ያየው ሙሄ ነው። አንድ ጠዋት የመለኪያውን ዘንግ መዝዞ እንደያዘ ወደ ቤት ገባ።

«እማ፣ ነይ እይው! ዘይቷ ጨምሯል። ወላሂ ጠብታ አልጨመርኩም።»

መዲና አየችው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቷል። እንባዋ መጣ። «የአባታችሁ በረካ ነው» አለች። «ሰውየው ሞቶም አልተዋትም።» ጎረቤት ሰማ፤ ጎረቤትም መጥቶ አየ፤ «ያረብ!» ብሎ ሄደ። አንዲት አሮጊት ጣቷን ዘንጉ ላይ አስነክታ ግንባሯን ቀባች።

ጦይባ ማታ ከወፍጮ ስትመለስ ዘንጉን ተቀበለችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አለች። «ይሄ በረካ አይደለም። የናፍጣ ፖምፓው ያፈሳል፤ ናፍጣው እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚገባው። ዘይቱ ቀጥኖ ውሃ ሆኗል። ፖምፓው ይታይ፤ እሱ እስኪሆን ዘይቱ ዛሬውኑ ይቀየር።»

«ባይቀየርስ?» አለ አራጋው። ግቢው ውስጥ ሰው ነበር።

«የወፍጮው ሞተር እንዲህ ሆኖ ነበር። ዘይቱ ሲበዛበት የገዛ ዘይቱን መብላት ጀመረ። ናፍጣውን ብንዘጋበትም አልቆም አለ። ሲጮህ ጣሪያውን ይዞ የሚሄድ ነበር የሚመስለው።»

አራጋው ሳቀ። «ይቺ መኪና ናት እታለም፣ ወፍጮ አይደለችም። መኪና ቁልፍ አላት፤ ቁልፉን ሲያጠፏት ትጠፋለች። አንቺ ወፍጮሽን ጠብቂ።»

የነበረው ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። መዲናም ፈገግ አለች፤ ፈገግ ማለቷን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳለች። ጦይባ ዘንጉን ወደ ቦታው መለሰችና ሙሄን ብቻ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቀይረው» አለችው። «እሺ እታባ» አላት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የሰደቃው ቀን ደረሰ። የይመር ወገኖች ያሉት ቆላ፣ ቃሉ ወረዳ ነው። ሰደቃው እዚያ፣ በተወለደበት መንደር ሊደረግ፣ ቁልፉም እዚያ ሊሰጥ ተቀጠረ። ሙሄ ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ በዋዜማው ዘይቱን ሊቀይር ከመኪናዋ ሥር ገባ። መዲና ደጅ ላይ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወጣ።

«ቀየርከው?» አለው አራጋው።

«ተቀይሯል።»

መዲና የልጇን እጆች አየቻቸው። ይመር ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ እስከ ክርኑ ጥቁር ሆኖ ነበር የሚወጣው። የሙሄ እጆች ንጹሕ ነበሩ። አየችው፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

በማግስቱ ሊነሱ ሲሉ ጦይባ ማንም ሳይጠራት የመኪናዋን ኮፈን ከፍታ ዘንጉን መዘዘች። አሸተተችው። ቀና ስትል ዐይኗ ከእናቷ ዐይን ጋር ገጠመ። መዲና ልጇ አንድ ነገር ልትናገር ነው ብላ ጠበቀች። ጦይባ ግን ዘንጉን መለሰች፣ ኮፈኑን ዘጋች፣ ገብታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሙሄ ከኋላ፣ ለሰደቃው የተጫነው እህል ላይ ወጣ።

ደሴን አልፈው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አራጋው ለአፍታ ቆመ። እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቷል፤ ሞተሩ ግን ማንም ሳይነካው ከፍ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ከፍ አለ። አራጋው ጆሮውን ጣል አደረገ። ከዚያ ከጎኑ የነበረውን መስኮት ዘጋና ማርሽ አስገባ።

«ምነው ልጄ?» አለችው መዲና።

«ምንም። ሽማግሌዎቹ ይጠብቁናል።»

የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። በአንድ በኩል ዓለት ነው፣ በሌላው ባዶ። ሁለተኛውን መታጠፊያ እንዳለፉ መኪናዋ እንደ ሰው ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ መጮህ ጀመረች። ከኋላቸው መንገዱ በነጭ ጭስ ጠፋ፤ ሙሄ ከላይ ሲጣራ ድምፁ እንጂ ሰውነቱ አይታይም። አራጋው ቁልፉን አጠፋ። አልጠፋችም። ቁልፉን መዝዞ መዲና ጭን ላይ ጣለው፤ መኪናዋ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ናፍጣ፣ ከበፊቱ ይልቅ ጮኸች።

«ዘይቷን እየበላች ነው!» አለች ጦይባ።

አራጋው ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ሞተሩ ከጎማው ሲላቀቅ ጩኸቱ ጆሮ የሚበሳ ሆነ። መልሶ ቢያስገባት ገደል ይዛቸው ልትበር ነው። ፍሬኑን ያዘ፤ ፍሬኑ ሸተተ፣ ሸተተና ላላ። ከፊታቸው ያለው መታጠፊያ ባዶ ሰማይ ነው። ዓለቱ ያለው በአራጋው በኩል ነበር። በሩን ከፍቶ መዝለል ይችል ነበር፤ ጊዜው ነበረው። እሱ ግን መሪውን ወደ ራሱ አዞረና መኪናዋን በገዛ በሩ በኩል ከዓለቱ ጋር አፋተጋት። ብረት ተቀደደ፣ ድንጋይ ረገፈ። መኪናዋ ከገደሉ አፋፍ ሳትደርስ ቆመች። በሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የአራጋውን እግር ከመሪው ሥር ነክሶ ያዘው።

መኪናዋ ቆመች እንጂ ሞተሩ አልቆመም።

«ውረጂ እማ» አለ አራጋው፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። «ልትፈነዳ ነው። ውረጂ!»

«አንተን ትቼ?» አለች መዲና። እጁን ያዘች፤ አልወረደችም። ከኮፈኑ ሥር እሳት የሚመስል ነገር ብልጭ ሲል አየች። በዚያች ሰዓት የምታስበው ስለ ሞት አልነበረም፤ «ሁላችንንም ባንድ ጊዜ ሊወስደን ነው የጠራን» እያለች በልቧ ይመርን ትወቅሰው ነበር።

ጦይባ ወርዳለች። መሸሽ ትችል ነበር፤ ኮፈኑን ከፈተች። ሌላ ሰው ቢሆን የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ ይፈልግ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ነቅላ ጣለች። የሞተሩ ጉሮሮ አፉን ከፍቶ ታየ። «ትንፋሿን ነው መዝጋት!» ብላ ጮኸች። «አየር ካጣች ትሞታለች!» ሻርፗን ጠቅልላ አፉ ላይ ደፋችው፤ ሞተሩ ሻርፑን ውጦ መጮሁን ቀጠለ። ጣውላ ፈለገች፣ ድንጋይ ፈለገች፤ አፉን የሚገጥም ነገር አጣች።

ሙሄ ከእህሉ ላይ ዘሎ ደረሰ። አልጠየቀም። ግራ መዳፉን ዘርግቶ የሞተሩን አፍ ደፈነ፤ ሞተሩ መዳፉን ሳበው።

«ልቀቀው ሙሄ! እጅህን ይበላሃል!»

አልለቀቀም። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፤ እንዳይወድቅ በቀኝ እጁ የጨበጠው ነገር ሸሸውና ጣቶቹ የሚሽከረከረው ቀበቶ ውስጥ ገቡ። ያኔም አልለቀቀም። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለተኛ አሳለ፣ ዝም አለ።

ከዚያ ጩኸት በኋላ የመጣውን ዝምታ መዲና እስከ ዛሬ ትፈራዋለች።

መንገደኛ ደርሶ አራጋውን በብረት ፈልቅቆ አወጣው። እግሩ ተሰብሯል። የሙሄን እጅ መዲና በሻሿ ጠቀለለችው፤ ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ሲፈታ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት የለም። ለአናጢ ቀኝ እጁ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። መኪናዋን ያያት መካኒክ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ «የድሮ ብረት እኮ ነው» አለ። «ፖምፓዋ ተሠርቶ፣ ሆዷ ታጥቦ፣ ዘይቷ ከተቀየረ ትነሳለች።»

ሰደቃው ዘግይቶ ተደረገ። ዱዓው ካበቃ በኋላ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። መዲና ቁልፉን ጨብጣለች። ልጆቿ ከፊቷ ናቸው፤ አራጋው እግሩ ታስሮ፣ ሙሄ እጁ ታስሮ፣ ጦይባ ምንም ሳትሆን። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ሼህ አደም «እናንተው ተናገሩ» አሉ። «መልካሙንም፣ ጥፋቱንም።»

አራጋው፣ «እኔ መኪናዋን ከገደል መለስኳት» አለ። «ሳልዘል በራሴ በር በኩል ከዓለቱ ያፋተግኋት እናቴ ውስጥ ስለነበረች ነው። ጥፋቴ፣ እህቴ ስትናገር ሳቅሁባት። ከቁልቁለቱ በላይም ሞተሩ ሲያብድ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼ ነዳሁ። ብቆም እህቴ ልክ ነበረች ማለት ይሆንብኝ ነበር።»

ሙሄ ራሱን አቀርቅሮ፣ «እኔ እጄን ሰጠሁ» አለ። «እሱን ሁላችሁም ታያላችሁ። ጥፋቴ፣ ዘይቱን አልቀየርኩትም። ብሎኑን ይዤ ሳለሁ በረካ የተባለውን መሬት ላይ ማፍሰስ ፈራሁ። ተቀይሯል ብዬ ዋሸሁ።»

ጦይባ በመጨረሻ ተናገረች። «ማንም ሳያውቅ አውቄ ነበር። ተናግሬአለሁ። ሞተሩ የት ላይ እንደሚታነቅ ባላሳይ ዛሬ የአራት ሰው ሰደቃ ነበር የምትበሉት።» ቀና ብላ እናቷን አየች። «ያን ቀን ጠዋት ዘይቱ እንዳልተቀየረ አሽትቼ አወቅሁ። ዝም አልኩ። መኪናዋ መንገድ ላይ ትቁምና የሳቁብኝ ይፈሩ ብዬ ነው። ቁልቁለቱን አላሰብኩትም። እማ አጠገቤ ተቀምጣ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ፣ «መኪናዋ ባትቆም ኖሮ ሞተሩን ማን ይደርስበት ነበር? ለአራጋው ነው» አሉ። ሌላው፣ «ዕውቀት ባይኖር እጅ የት ይገባ ነበር? ለጦይባ ነው፤ ቀድሞም የሰማት ጠፋ እንጂ» አሉ። ሦስተኛው፣ «ሁለቱ የሠሩትን ሠርተው ሞተሩ እየጮኸ ነበር። ዝም ያሰኘው የሙሄ እጅ ነው፤ እንጀራውን ነው የሰጠው» አሉ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ድምፅ ተነሳ፦ «ቁልፉን ስታነሱ ጥፋቱን አብራችሁ አንሱ እንጂ! የኮራው፣ የዋሸው፣ ዝም ያለችው፤ እናታቸውን ሊገድሏት የነበሩት እነማን ናቸው?»

ሼህ አደም ወደ መዲና ተመለከቱ። ሁሉም ወደ መዲና ተመለከተ።

መዲና ሦስቱን ልጆቿን ተራ በተራ አየቻቸው። ቁልፉን የማያገኙት ሁለቱ ዳግመኛ ከአንድ ገበታ እንደማይቀርቡ ከፊታቸው አነበበች። ለማንም ሳትሰጥ ብትቀር ደግሞ የሟች ቃል ትበላለች፤ ሦስቱም ያኮርፏታል። ውጭ ነፋስ ተነስቶ የዳሱን ሸራ ያርገበግበው ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ግን ገና አልተከፈቱም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ ከገደል መለሰ፣ አንዷ መድኃኒቱን አወቀች፣ አንዱ እጁን ሰጠ፤ ሦስቱም ደግሞ እናታቸውን ወደ ገደሉ አድርሰዋታል። በመዲና ቦታ ብትሆኑ፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ?