የጋሽ ድንበሩ ጊደርና ግማሹ ሙሾ

በአንድ ወቅት እትዬ አንጓች የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። እሷ ስታስለቅስ ሬሳው ራሱ ቀና ብሎ ያዳምጣል፤ ካላመናችሁ ሟቾቹን ጠይቁ። ታዲያ ጥሩ ሙሾ በቀብር ዕለት አይደርስም፤ ሰው ሲታመም ቀደም ብሎ ይታሰብበታል። ጓዳዋ ገብታ ለስልኳ ታንጎራጉራለች፤ ስልኩም ድምፁ እንዳይጠፋ ኢንተርኔት ላይ ባላት አካውንት ያስቀምጥላታል። ይህ ምስጢሯ ነው። ለቁም ሰው ሙሾ ማውጣት ሟርት ነውና፣ ከተሰማ ከእንግዲህ በደጁ የሚያስቆማት የለም።

ያን ሰሞን ሀብታሙ ጋሽ ድንበሩ ታሞ ተኛ። ጠበሉም መርፌውም አልሆን ሲለው፣ «ከዚህ አልጋ ያስነሳኝ ጥቁሯን ጊደር ይንዳ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ። አንጓችም ሙሾውን ጀመረች።

በገበያ ቀን ቅቤ ነጋዴው ስጦታው አስቆማትና፣ «እትዬ፣ የጋሽ ድንበሩ ሙሾ አንጀት ትበላለች» አላት።

ደሟ ፈላ። «ከየት ሰማህ?»

«ከሸጥሽልኝ አሮጌ ስልክ። ባንጎራጎርሽ ቁጥር እሱም ላይ ይመጣል።»

«የሰው ጓዳ ስታዳምጥ አታፍርም? አጥፋው።»

«ፍየል የሸጠ የሆዷን ግልገል አይጠይቅም።»

«ፍየሏንስ ሸጥኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ የወለድኩትንም ልትነዳ ነው?»

ስጦታው ስቆ ሄደ። ንዴት የማያስነሳው በሽተኛ የለም ብሎ አሰበና በቀጥታ ጋሽ ድንበሩ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ሳይሞቱ ተለቅሶልዎታል» አለና ሙሾውን ከፈተው።

አንጓች ደግሞ የገበያውን አቧራ እያስነሳች ስልክ ጠጋኟ ማስተዋል ዘንድ ደረሰች። ማስተዋል አካውንቱን ከፍታ አየች።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት ሁለት ስልክ ይገባል። አንዱ በእጅሽ ነው። ሌላው ይኸው አሁን ሙሾሽን እያሰማ ነው።»

«ሸጬዋለሁ እኮ።»

«ስልኩን ሸጥሽ እንጂ የቤትሽን ቁልፍ አልተቀበልሽውም።»

«በይ አባርሪልኝ።»

ማስተዋል አሮጌውን ስልክ ከአካውንቱ አስወጣችው። በዚያችው ቅጽበት፣ በጋሽ ድንበሩ ራስጌ ሙሾው እንዲህ እያለ ነበር፦

«ጎተራው ጢም ያለ፣ እህል የማያጣ፣
ጋሽ ድንበሩ እኮ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ…»

ጭጭ አለ።

«እንግዳ ሲመጣ ምን?» አለ ጋሽ ድንበሩ። ስጦታው ስልኩን ቢያገላብጥ፣ ቢጠፈጥፍ ወይ ፍንክች። «እንግዳ ሲመጣ ምን አደረግሁ ነው የምትለው ይቺ ሴት?» ሽማግሌው ጋቢውን ወርውሮ፣ ሰባት ጎረምሳ ያላነቃነቀውን ገላ አንስቶ፣ ወንዙን በአንድ ዝላይ ተሻግሮ፣ ገበያው መሃል አንጓች ፊት ተገተረና፣ «ስጦታው ያሰማኝ ሙሾሽ ከአልጋ አስነሳኝ፤ ለምን ተቆረጠ?» አለ።

«ጊደሯ የኔ ናት» አለች አንጓች። «ግጥሙን የወለድኩት እኔ፤ ይሄ ጆሮ ጠቢ ሌባ ነው።»

«ባላሰማቸው ኖሮ ጓዳሽ ውስጥ ይሻግት ነበር» አለ ስጦታው፣ ከኋላ እያለከለከ የደረሰው።

ማስተዋል ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል፣ «ባልቆርጠው ኖሮ ተኝተው ይጨርሱት ነበር» አለች።

«የጊደሯ ነገር ይቆይ» አለ ጋሽ ድንበሩ። «መጀመሪያ ቀሪውን ስንኝ ንገሪኝ።»

«እሱማ ለቀብርዎ ነው።»

ሰውየው ያቺን ስንኝ ሳይሰማ አልሞትም ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ጊደሯም እንደታሰረች ናት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ሙሾውን ያወጣችው፣ ሰርቆ ያሰማው፣ ወይስ መሃል ላይ የቆረጠችው፣ ማንኛቸው ይንዳት?