ውሃ የተኛበት እርሻ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እትዬ ታንጉት።

እትዬ ታንጉት ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ ሲያዋልዱ የኖሩ፣ ቁጣቸውና ሳቃቸው የማይራራቅ ሴት ናቸው። አጠገባቸው አቀርቅራ የተቀመጠችው አንጓች የወንድማቸው ልጅ ነች። ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አልወለደችም። አማቷ ለልጃቸው ሌላ ሚስት መፈለግ ጀምረዋል። የጠየቀችው ግን ስለ ልጅ አልነበረም። «የወር አበባዬ ከሄደ ከቀናት በኋላ ጥርት ያለ፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የሚለጠጥ ነገር ይፈሰኛል። በሽታ ይሆን? እንደ አደፍ ቆጥሬው እስኪደርቅ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ከባሌም ተለይቼ እተኛለሁ» ነበር ያለቻቸው።

«ይህ ሰው ደገኛ ገበሬ ነው። ውሃ የተኛበት ሰብል እንደሚበሰብስ ከአባቱ ተምሯል፤ በደጋ እውነት ነው። መሬት ሲጠበው ሚስቱን ይዞ ቆላ ወረደና እርሻ አገኘ። በዚያ አገር ዝናብ ብርቅ ነው። በዓመት አንዴ ግን ከተራራው ጎርፍ ይወርድና እርሻው ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ሰውየው ይህን ሲያይ ‹መሬቴ ታመመ› አለ። ቦይ ቀዶ ውሃውን ወደ ገደል ሰደደው። መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ‹አሁን ዳነ› ብሎ ማሽላውን ዘራ። አልበቀለም። በዓመቱም እንደዚያው። ጎረቤት እንዳይጠይቅ ኩራት ያዘው፤ ገበሬ ስለ እርሻ ይጠይቃል እንዴ? ስለዚህ ‹መካን መሬት!› እያለ መሬቱን ይረግም ጀመር።

«በሦስተኛው ዓመት የቀራቸው ዘር አንድ ቁና ብቻ ነበር። ጎርፉ ወረደ፤ ሰውየውም አካፋውን አነሣ። ሚስቱ ግን ያየችው ነገር ነበር። አምና ወፍ ቦዩ ውስጥ የጣለው ማሽላ፣ ማንም ሳይዘራው ሰው አክሎ አፍርቶ ነበር። ሮጣ ሄዳ ቦዩ አፍ ላይ ተቀመጠች። ‹ይህን ውሃ ከምታስወጣ እኔን እዚሁ ቅበረኝ› አለችው። ጮኸ፣ ተሳደበ፤ አልተነሣችም። ሲደክመው አካፋውን ጣለ፤ ጭቃው ጠፈፍ ሲልም ቁናዋን ዘሯት። በዚያ ዓመት ጎተራ አልበቃቸውም።»

እትዬ ታንጉት ወደ አንጓች ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ መሬቱ አልታመመም ነበር፤ ሰውየው ነው ወቅቱን ያላወቀለት። ያንቺም ገላ እንደዚያው ነው። በሁለት የወር አበባ መካከል እንቁላልሽ ሊወጣ ሲል ፈሳሹ ይበዛል፣ ይጠራል፣ ያሟልጫል። የባልሽ ዘር በሕይወት ቆይቶ መንገዱን የሚያገኘው በእሱ ነው። አንዳንዷንም በአንድ ጎን ሆዷን ጠቅ ያደርጋታል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ ይወፍርና ይቀንሳል። አደፍ አይደለም። ከሸተተ፣ ካሳከከ ወይም መልኩ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ያኔ በሽታ ነውና ጤና ጣቢያ ነይ።»

«እኔ እኮ በሳሙና ውስጤን ሳጥበው...»

«ሳሙና!» እትዬ ታንጉት ቱግ አሉ። «ማን ነው ውስጥሽን ታጠቢ ያለሽ? ውስጥሽ ራሱን ያጸዳል፤ ተይው!» ወዲያው ደግሞ ሳቃቸው መጣ። «‹ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ› ሲባል አልሰማሽም?»

አንጓች በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆይቶ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እትዬ ታንጉት እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ይህን አውቀሽም ልጅ ቢዘገይ ባልሽን ይዘሽው ነይ፤ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ። አማትሽን ለእኔ ተዪልኝ። ብቻ ማንም መካን ቢልሽ እንዳትቀበዪ። ገላሽ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲጠራሽ ኖሯል፤ የምትሸሺው አንቺ ነበርሽ።»